ጎንበስ

«ትጠጫለሽ?» አለኝ ሐኪሙ፣ ከወረቀቱ ዓይኑን ሳያነሣ።
«አልጠጣም» አልሁት። «ሐይቁ ዳር ነው ሥራዬ፣ የምሸጠው ጥብስ ዓሣ።»
«ጠላስ፣ ለበዓል እንኳ? አረቄስ በጥቂቱ?»
«አንዲት መለኪያ አልቀመስሁም።»
«ሲጋራስ?»
«ጢስ ካሉኝ፣ የዘይቱ ነው፣ የሚነሣው ከድስቱ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። የማያምን ሰው እንደሚያይ አየኝ።
እኔም እንዲህ ነበር አባቴን የማየው፣ «አልቀመስሁም» ሲለኝ።

ከእምብርቴ ከፍ ብሎ ነው የሚገባው ችካሉ፣
በጀርባዬ ሊወጣ ሲል ይቆማል ከመሐሉ።
በልቼ ሰዓት ሳይሞላ ይመጣል፤ ሳልበላም ይመጣል፤
ሁለት ዙር የነበረው መቀነቴ ዘንድሮ ሦስት ዙር ይሞላል።

«ቆሽትሽ ነው» አለኝ ሐኪሙ።
ሳቅሁ፤ ከሳቁ ጋር መጣ ሕመሙ።
እኛ ገበያ ላይ «ቆሽቴ አረረ» ስንል
ለቀበሌ ሰው ነው፣ ለሚዛን ሌባ፣ ለባል፤
በዘይት ዋጋ አርሯል፣ በጎረቤት ነገር አርሯል፤
ለካስ ቃሉ ከሥጋ ነው፣ ለካስ ቆሽት እውነት ያርራል።

«ራሱን ነው የሚበላው» አለኝ። «የእህል መፍጫ ውሃው
መውጫ ሲያጣ፣ የገዛ ቤቱን ነው የሚፈጨው።
መጠጥ ያመጣዋል፤ ትምባሆም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይብሳል፤
የደም ስብ አለ፤ የቦይ መጥበብ አለ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅም ይመጣል።
አንዳንዱ ደግሞ» — ድምፁን ዝቅ አደረገ — «በዘር ይወረሳል።
ከቤታችሁ እንዲህ የሚያመው ሰው ነበረ?»

መስኮቱን አየሁት። ከማዶ ሐይቁ ነበረ።

አባቴ አለኸኝ ታንኳ ቀዛፊ ነበር፣ ከዘጌ ባሕር ዳር፣
ማገዶና ጌሾ ጭኖ ሌሊቱን በውሃ ላይ የሚያድር።
አንዳንዴ መቅዘፊያውን ጥሎ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ግንባሩን ወደ ውሃው፣
ጎንበስ ይላል፤ ታንኳው በራሱ እስኪዞር፣ ነፋስ እስኪወስደው።
«አባዬ፣ ምን ታያለህ?» ስለው፣
«ቆሮሶ» ይለኛል። «ብዙ ነው።»

ለካስ ጎንበስ ሲሉለት ነው ትንሽ የሚለቀው።
ከታች ዓሣ አልነበረም። አሁን ነው የማውቀው።

ይጠጣ ነበር፣ አልክድም።
ከታንኳ ሲወርድ የማንን ደጅ እንደሚመታ የማያውቅ የለም።
እናቴ ጠርሙሱን ከጎታው ሥር አውጥታ
ሐይቁ ውስጥ ደፋችው አንድ ማታ፤
ሲነጋ ሌላ ጠርሙስ ነበረ።
ሲሞት ድንኳን ውስጥ «አረቄ ገደለው» ተባለ፤
እኔም ከሰዎቹ እኩል አልሁት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ደገምሁት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፣ ከወንበሩ ሳልነሣ፦
«ጠጥቶ ነው የታመመው? ወይስ ታሞ ነው የጠጣ?»
ዝም አለ። ቀጥሎም፣ «ዘሩ ሰነጠቀው እንበል፣ መጠጡ አሰፋው፤
ስንቱ የማን ጥፋት እንደሆነ፣ በየት ሚዛን ልለካው?»

ከዘምባባው ሥር ድስቴን ጣድሁ፤ ዘይቱ ተንጫጫ።
ሰው ያዛል፣ እኔ እጠብሳለሁ፤ ለራሴ ቅቅል ድንች ብቻ።
አምባዛ ስገለብጥ ሽታው ይጠራኛል፣
«አንዲት ጉርሻ ምን ታደርግሻለች?» ይለኛል፤
አባቴንም ጠርሙሱ እንዲህ ይለው ነበር ይሆናል።

ይበልጣል፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከትምህርት ቤት መጣ፤
ቦርሳውን ወርውሮ ከድንጋዩ ጫፍ ወጣ፤
ሆዱን በክንዱ አቅፎ፣ ግንባሩን ወደ ውሃው፣
ጎንበስ አለ።
ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።
«ይበልጣል! ምን ሆነህ ነው?»
ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ።
«ቆሮሶ» አለኝ። «ብዙ ነው።»

ሮጥሁ። አጠገቡ ደርሼ ጎንበስ አልሁ።
ውሃው ደፍርሷል። እስኪጠራ እጠብቃለሁ።